ጋሽ ያፌት የሮጡባት አራት ሰከንድ

በሁለት ሺህ ሰባ አምስት ዓመተ ምህረት፣ በየካቲት ወር፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ የደሴ ከተማ የሆጤ ነዋሪ የሆኑት የሰማንያ ሦስት ዓመቱ ጋሽ ያፌት ድንበሩ ከመኝታ ቤታቸው እስከ ሳሎን ሮጡ። ሩጫው የፈጀው አራት ሰከንድ ነው። አራት ሰከንድ አንድ ጊዜ አስነጥሶ "ይማርህ" እስኪባል ድረስ ያለችው ጊዜ ናት። ያስከተለችው ጣጣ ግን እስከ ግንቦት አላለቀም።

የሮጡት በባለቤታቸው ምክንያት ነው። እትዬ ሃሴት የሰማንያ አንድ ዓመት ሴት ናቸው። ለሠላሳ ስድስት ዓመት ሒሳብ አስተምረዋል። ከሁለት ዓመት በፊት የዳሌ አጥንታቸው ከተሰበረ ወዲህ ኑሯቸው ከአልጋ ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ አልጋ ሆኗል፤ አእምሯቸውና ምላሳቸው ግን አንድም ቀን ታመው አያውቁም። የዚያን ዕለት ጠዋት ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ብርድ ገብቶባቸው መስኮቱን ለመዝጋት ሲንጠራሩ ከወንበሩ ተንሸራተቱ። የባላቸውን ስም ለመጥራት ብቻ ነው ጊዜ የነበራቸው። ጋሽ ያፌት ከዘራቸውን የት እንደጣሉት ሳያውቁ ተፈተለኩ። የሚስታቸው ጭንቅላት ከወለሉ አንድ ስንዝር ሲቀረው ደርሰው ብብታቸው ሥር ገቡና ወደ ወንበሩ መለሷቸው። ከዚያ ሁለቱም ተያዩ። ቀጥለው ሁለቱም ቀና ብለው ግድግዳውን አዩ።

ግድግዳው ላይ አማት አለች።

በወረቀት ላይ ስሟ "የቤት ውስጥ መዛኝ" ነው። የደሴ ሰው ግን አማት ነው የሚላት፤ ሁሉን ታያለች፣ ምንም አያስደስታትም። ካሜራና ድምፅ ያላት ማሽን ናት፤ ሰማንያ ዓመት የሞላው ሰው ሁሉ ቤት ውስጥ ተሰቅላለች። ሥራዋ የሰውን ድካም መመዘን ነው። ነጥቡ ከዜሮ እስከ መቶ ነው፤ ዜሮ ጎረምሳ፣ መቶ ሬሳ። ስልሳ የሞላው ሰው "ደካማ" ይባላል፣ መድኃኒቱ ይሸፈንለታል፣ ቤቱ ድረስ አስታማሚ ይላክለታል። ስልሳ ያልሞላው "ብርቱ" ነው፤ ብርቱ ደግሞ እንደ ማንኛውም ብርቱ ሰው ከኪሱ ይከፍላል። ባልና ሚስት ባሉበት ቤት አንዱ ብርቱ ከሆነ ሌላውን ማስታመም የእሱ ፋንታ ነው።

ጠዋት ጠዋት አማት "እንደምን አደሩ፣ እባክዎ ቀለበቱን ይጭመቁ" ትላለች። የእጅ ጉልበት የሚለካው የጎማ ቀለበት ይጨመቃል፣ ግን በጣም አይጨመቅም። ቀጥላ አራት እርምጃ እንዲራመዱ ትጠይቃለች። በስተርጅና ሰው መራመድን እንደገና ይማራል፤ የሆጤ ሽማግሌዎች ግን አለመራመድን ነበር የሚማሩት። በየቤቱ "ደህና ነኝ" ማለት ከቀረ ቆይቷል። እንደምን አደርክ የተባለ ሰው "አለሁ፣ እንዲያው" ብሎ ይተነፍሳል። ደህና መሆኑን ለወዳጁ ሊናገር የፈለገ ሰው ወዳጁን ወደ በር ያወጣዋል፤ አጥሩ ሥር ቆመው በጆሮው "ደህና ነኝ፣ ተመስገን" ይለውና ይመለሳሉ።

ደብዳቤው በሦስተኛው ቀን መጣ። "እንኳን ደስ አለዎ" ይላል መግቢያው። የጋሽ ያፌት ነጥብ ከስልሳ አራት ወደ ሠላሳ አራት ወርዷል። በአራት ሰከንድ ውስጥ ሰባት ሜትር ሮጠዋል፣ ሃምሳ ስምንት ኪሎ ከወለል አንስተዋል። ስለዚህ ብርታታቸው ተረጋግጧል፤ አስታማሚያቸው ከሰኞ ጀምሮ ወደ ሌላ ቤት ትዛወራለች። ሚስታቸው እየወደቁ እንደነበር ደብዳቤው አይጠቅስም። ውድቀት የሚመዘነው በወደቀው ሰው ነጥብ ላይ ነው፤ እትዬ ሃሴት ደግሞ አልወደቁም።

አስታማሚዋ ዘሃራ ትባላለች። በአርባዎቹ ውስጥ ያለች፣ ክንደ ብርቱ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ እትዬ ሃሴትን ስታገላብጥና ስታጥብ አንድ ቀን "አመመኝ" ያላስባለቻቸው ሴት ናት። ስትሰናበት አላለቀሰችም፤ ለጋሽ ያፌት ትራሱ የት የት እንደሚገባ እያሳየች ግማሽ ቀን ቆየች። አዲሱ ቤቷ በዚያው ሠፈር ስለነበር ከዚያ ወዲህ ወደ ሥራ ስትሄድ መስኮቱ ሥር ትቆማለች። ወደ ውስጥ መግባት አትችልም፤ አማት ታያታለች። ከመንገድ ላይ ሆና "ግራ ጉልበታቸውን ጋሽዬ፣ ግራ፤ እሱ ቀኝ ነው" ትላለች። ጋሽ ያፌት ከውስጥ እያላቡ ይታዘዛሉ። መንገደኛው መጀመሪያ ቆሞ ያይ ነበር፣ በኋላ ለመደው።

መድኃኒቱ ሌላ ጣጣ ነበር። የእትዬ ሃሴት ኪኒን በቀን አሥራ አራት ነው፣ የጋሽ ያፌት ዘጠኝ። በመጀመሪያው ሳምንት ሣጥኑ ተምታታና ባል የሚስትን የአጥንት መድኃኒት፣ ሚስት የባልን የፕሮስቴት መድኃኒት ሦስት ቀን ወሰዱ። ምንም አልሆኑም፤ ሁለቱንም ያሳሰባቸው ይኸው ነው። እትዬ ሃሴት ከኪኒኖቹ ውስጥ ስንቱ ይሆን እንዲያው ለወጉ የሚዋጠው ብለው ጠየቁ። የሚመልስላቸው አልነበረም፤ ልብ የሚያየው ሐኪም ኩላሊት አያይም፣ ኩላሊት የሚያየው አጥንት አያይም፣ ሁሉንም አንድ ላይ የምታያቸው ዘሃራ ብቻ ነበረች።

በሁለተኛው ሳምንት ጋሽ ያፌት ሚስታቸውን ሲያገላብጡ ወገባቸው ላይ የሳንቲም ያህል የቀላ ነገር አዩ። በማግስቱ ሰፍቶ ነበር። ለዘሃራ በመስኮት ሲነግሯት ፊቷ ተለወጠ። የመኝታ ቁስል ጅማሬ ነው፤ ቆዳው ከፈነዳ አይድንም፣ ይግባኝ ይበሉ አለች።

ይግባኙ የሚቀርበው በድካም ምዘና ቢሮ ነው። ቢሮው ፒያሳ አጠገብ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሊፍቱ "ለጥገና" የሚል ወረቀት ከተለጠፈበት ዓመት አልፎታል። ይግባኝ ባዩ በአካል መቅረብ አለበት። ደረጃው እያንዳንዱን እርምጃ ይቆጥራል። አራተኛ ፎቅ በእግሩ የደረሰ ሽማግሌ በሩ ላይ "ብርታትዎ በድጋሚ ተረጋግጧል" ተብሎ ይመለሳል። በአንድ ወር ውስጥ ያልቀረበ ደግሞ በውሳኔው እንደተስማማ ይቆጠራል።

እትዬ ሃሴት ይህን ሁለት ጊዜ አስነበቡና ዓይናቸውን ጨፍነው ቆዩ። የድሮ ተማሪዎቻቸው ያን ዝምታ ቢያዩ ኖሮ ወረቀት ያወጡ ነበር።

"ከሄድክ ትችላለህ፤ ካልሄድክ ተስማምተሃል" አሉ በመጨረሻ። "መልስ የሌለው ይመስላል እንጂ አለው። ሳትሄድ መድረስ ነው።"

ሳይሄዱ የሚያደርስ አንድ ድርጅት ብቻ ነበር። እሱም የሠፈሩ ቅሬ ነው፤ ወሎ ውስጥ ሰው ሲሞት ሬሳ የሚያነሳ፣ መቃብር የሚቆፍር፣ ሐዘንተኛ የሚያበላ የጎረቤት ማኅበር። የቅሬው ዳኛ ሙባረክ ሰዒድ የጋሽ ያፌት የልጅነት ጓደኛ ናቸው። በጎረምሳነታቸው ሁለቱ ከፒያሳ ሰኞ ገበያ በአንዲት ሰማያዊ ባጃጅ ፈረቃ እየገቡ ሰው ያመላልሱ ነበር። አሁን ሰማንያ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ አማት ሃምሳ አምስት ሰጥታቸዋለች፣ እሳቸውም ብርቱ መባላቸውን እንደ ሹመት ይዘውት ይኖራሉ።

ነገሩ ለቅሬው ሲቀርብ ክርክር ተነሣ። አንዳንዱ በሕይወት ያለን ሰው መሸከም ደንቡ ውስጥ የለም አለ። ሌላው ሟርት ነው አለ። ሙባረክ ሁሉንም አዳምጠው፣ ዞሮ ዞሮ ያፌትን መሸከማችን አይቀርም፣ ይሄን እንደ ልምምድ ቁጠሩት ብለው ፈረዱ። ወጣቱ በቀን ሥራ ላይ ስለሆነ ለሸክሙ የተገኙት አራት ሰዎች ነበሩ፤ ራሳቸው ሙባረክ፣ በድሮ ዘመን መረብ ኳስ ይጫወቱ የነበሩት እትዬ ፌቨን፣ እና ካሌብና ኢያሱ የተባሉ የሰማንያ አንድ ዓመት መንትዮች።

ከሸክሙ በፊት ባለው ምሽት እትዬ ሃሴት ባላቸውን ማቃሰት አስጠኑ። ጋሽ ያፌት ሞከሩ። ሚስታቸው እንደ በር ነው ሲጥ የምትለው አሉ። እንደገና ሞከሩ፤ አሁን ደግሞ እንደ ረካ ሰው ሆነ። እትዬ ሃሴት ተስፋ ቆርጠው፣ እንግዲያው አፍህን ዘግተህ ጣሪያ ጣሪያውን እይ፣ የታመመ ሰው ፍልስፍና ያበዛል አሏቸው።

ሰኞ ጠዋት በሦስት ሰዓት ቃሬዛው ከቢሮው በር ደረሰ። ጥበቃው ሬሳ መስሎት ባርኔጣውን አወለቀ፤ ሬሳው "እንደምን አደርክ" ሲለው መልሶ አደረገው። ሸክሙ ተጀመረ። እትዬ ፌቨን ከፊት ሆነው ደረጃ ይቆጥራሉ፣ መንትዮቹ ከኋላ ሆነው በማን ትከሻ ላይ እንደከበደ ይነታረካሉ። ጋሽ ያፌት በታዘዙት መሠረት ጣሪያ ጣሪያውን ያያሉ። አንደኛ ፎቅ በደህና አለፈ። ሁለተኛው ላይ አረፉ። ጋሽ ያፌት አፍረው ነበር፤ ከላያቸው ላብ የሚንጠባጠብባቸው ሰዎች ሁሉ አብረዋቸው ያረጁ ናቸው።

ሦስተኛ ፎቅ ላይ ቃሬዛው ወደ አንድ ወገን አዘነበለ። ሙባረክ እጀታውን ሳይለቁ ቀስ ብለው ደረጃው ላይ ተቀመጡ።

"አብሽሩ" አሉ፣ "ትንፋሼን ልሰብስብ።"

ትንፋሹ ግን አልተሰበሰበም። ከንፈራቸው ሰማያዊ ሆነ፤ ግንባራቸው ላይ ያለው ላብ እንደሌሎቹ ላብ አልነበረም፣ የቀዘቀዘ ነበር። ጋሽ ያፌት ከቃሬዛው ቀና ብለው ያዩት ይህን ነው። ወደ ታች ሦስት ፎቅ ነው። ወደ ላይ አንድ ፎቅ ነው፣ እዚያ ደግሞ ለተመዛኞች የተቀመጠ ኦክስጅን እንዳለ ዘሃራ ነግራቸዋለች። ከቃሬዛው ወረዱ። ጓደኛቸውን በብብታቸው ይዘው ቃሬዛው ላይ አጋደሟቸውና ባዶ የቀረውን እጀታ ያዙ።

እትዬ ፌቨን ዝቅ ባለ ድምፅ "ያፌት፣ ካሜራው እያየህ ነው" አሉ።

"ይየኝ" አሉ ጋሽ ያፌት። "ቁጠሪ አንቺ።"

ሃያ ሁለት ደረጃ ነበር። እትዬ ፌቨን ቆጠሩ።

አራተኛ ፎቅ ላይ አንዲት ሰው ብቻ ነበረች። ሶልያና ትባላለች፤ የሠላሳ ዓመት ወጣት ስትሆን ሥራዋ ማሽኑ የወሰነውን ውሳኔ እያየች "ተስማምቻለሁ" የሚለውን መጫን ነው። በዚያ ክፍል አምስት ሽማግሌ በአንዴ ሲገባ አይታ አታውቅም፤ እውነቱን ለመናገር አንድም ሽማግሌ ሲገባ አይታ አታውቅም። ይሁን እንጂ አልደነገጠችም። ኦክስጅኑን አምጥታ ለሙባረክ አደረገችላቸው፣ አምቡላንስ ጠራች፣ የሸሚዛቸውን ቁልፍ ፈታች። የአምቡላንሱ ሰዎች በስድስት ደቂቃ ውስጥ ደረሱ። የደረሱት በሊፍቱ ነው። ለካስ ቁልፍ ነበራቸው። ሙባረክ ተይዘው በሊፍቱ ወረዱ፤ የቀሩት አራቱ ቆመው የተዘጋውን በር አዩ።

ከዚያ ማሽኑ የጋሽ ያፌትን ጉዳይ አወጣ። ምስሉ ላይ አንድ ሽማግሌ ከቃሬዛ ወርዶ ሰው ተሸክሞ ደረጃ ይወጣል። ከሥሩ "ውሳኔው ይጽና" የሚል ጽሑፍ አለ። ሶልያና ጣቷን አንሥታ ቆየች።

"የሚሉት ነገር አለ?" አለቻቸው።

ጋሽ ያፌት ጣሪያውን ለማየት ሞከሩ፣ አልሆነላቸውም። ትናንት ሚስታቸው ማቃሰት ሲያስጠኗቸው እንዳመሹና እንዳልወጣላቸው ነገሯት። ስለ ሩጫው ነገሯት። ሚስታቸው ወገብ ላይ ያለው ቀይ ነገር በሁለት ጣት የሚሸፈን እንደነበር፣ አሁን መዳፍ እንደሚያክል ነገሯት። ነገሩን ሲጨርሱ እግራቸው መንቀጥቀጥ ጀምሮ ነበር፤ እሷም አየችው። ከመደርደሪያ ላይ ማንም ገልጦት የማያውቅ መመሪያ አወረደችና አገላበጠች። አንድ ተመዛኝ ከባድ ሥራ ከሠራ በማግስቱ ቤቱ ድረስ ተሄዶ በሰው እጅ ዳግም ሊመዘን ይችላል የሚል አንቀጽ አገኘች።

በማግስቱ ጠዋት የእጅ መዛኟን ይዛ ሆጤ ወጣች። እትዬ ፌቨን አንገታቸውን ማዞር አቅቷቸው ከአልጋቸው ሳይነሡ ተቀበሏት። መንትዮቹ በአንድ ክፍል ውስጥ ተኝተው፣ ማን ይበልጥ እንዳመመው ይነታረኩ ነበር። ሁሉንም መዝና ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ ቁጥር ጻፈች፤ ሁሉም ከስልሳ በላይ ነበሩ። በመጨረሻ ጋሽ ያፌት ቤት ደረሰች። በጀርባቸው ተዘርረው አገኘቻቸው። ቀለበቱን ሰጠቻቸው፣ ጣታቸው ሳይታጠፍ ቀረ። እትዬ ሃሴት ወንበራቸው ላይ ሆነው ይህን በጥሞና ይከታተሉ ነበር፤ ባላቸው በሕይወት ዘመናቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ጥሩ አድርገው ያስመሰሉ መስሏቸው ሊያደንቋቸው ነበር፣ ከዚያ እንዳላስመሰሉ ገባቸውና አድናቆቱን ተዉት።

መዛኟ ሰባ ዘጠኝ አወጣች። ሶልያና ቅጹን ከፈተች። የነጥብ ቦታው አንድ ብቻ ነው።

"ሠላሳ አራት አለ፣ ሰባ ዘጠኝ አለ" አለች። "የቱን ልጻፍ?"

እትዬ ሃሴት በዓይናቸው ለባላቸው ምልክት ሰጡ። ጋሽ ያፌት ምልክቱን አይተዋል።

"ሁለቱም እኔ ነኝ ልጄ" አሉ። "ትናንት ያ ነበርኩ፣ ዛሬ ይሄ ነኝ። ሚስቴ ነገ ብትወድቅ ደግሞ ያኛው እሆናለሁ። አንዱን ብቻ ብትጽፊ ውሸት ነው።"

ሶልያና ቅጹን ወደ ራሷ ሳበች። ከዚያ በአንዱ ቦታ ውስጥ ሁለቱንም ቁጥር ጎን ለጎን ጻፈችና ላከችው። እሷ ስትወጣ እትዬ ሃሴት በረጅሙ ተነፈሱ።

"ሰማንያ ሦስት ዓመት ሙሉ" አሉ፣ "አንዲት ውሸት መማር ያቅትህ?"

ማሽኑ ሁለት ቁጥር በአንድ ቦታ አግኝቶ አያውቅም ነበር። ቁጥር ሲያገኝ የሚያውቀው መደመር ስለነበር ደመረ። አንድ መቶ አሥራ ሦስት መጣ።

በስምንተኛው ቀን ከጠዋቱ በአንድ ሰዓት የበሩ መጥሪያ ጮኸ። ጋሽ ያፌት ከዘራቸውን ይዘው ቀስ እያሉ ሄደው ከፈቱ። ዘሃራ ናት፤ ጥቁር ለብሳለች፣ ዓይኗ አብጧል። አይታቸው በሩን መልሳ ዘጋችው። ሁለተኛ ሲከፍቱላት መሬት ላይ ተቀምጣ ነበር። እጇ ላይ ያለው የምደባ ወረቀት እንዲህ ይላል፤ አቶ ያፌት ድንበሩ ከዚህ ዓለም በሞት ስለተለዩ፣ ከነጥባቸው እንደሚታየውም ከተለዩ የቆዩ ስለሆነ፣ ብቻቸውን ለቀሩት ደካማ ባለቤታቸው የሙሉ ቀን አስታማሚ ተመድቧል። ከሥሩ "መጽናናትን እንመኛለን" የሚል ተጨምሮበታል።

እትዬ ሃሴት ወረቀቱን አስነብበው ሲያበቁ ሁለቱን ነጥቦች ሁለት ጊዜ ደመሯቸው። ልክ ነው አሉ። ከዚያ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ፤ ዘሃራም እያለቀሰች አብራ ሳቀች፣ ጋሽ ያፌት ግን የሞቱት እሳቸው ስለሆኑ እስከ ምሳ ድረስ አኩርፈው ዋሉ። ዘሃራ ዕንባዋን ጠርጋ እጇን ታጠበች። እትዬ ሃሴትን አገላብጣ ቁስሉን አየች። ጊዜው አላለፈም፣ አለች።

ሶልያና በዚያው ቀን ደወለች። በጣም አዝናለች፣ ስህተቱን ለማረም ዝግጁ ናት። ለእርማቱ ግን ሟቹ ራሳቸው በአካል መቅረብ አለባቸው፤ አራተኛ ፎቅ። እትዬ ሃሴት ስለ ትሕትናዋ አመስግነው፣ ሟቹ ለጊዜው እንደማይመቻቸው ነገሯት። ሶልያና፣ እኔም መመሪያው ሟቹን ያስገድድ አያስገድድ እርግጠኛ አይደለሁም ብላ ስልኩን ዘጋች።

ሙባረክ ደረታቸው ውስጥ አንዲት ትንሽ ነገር ተተክሎላቸው በሚያዝያ መጨረሻ ከሆስፒታል ወጡ። ሐኪሙ ልባቸው ከዓመት በላይ ሲደክም እንደቆየ ነግሯቸዋል፤ አማት ትንፋሹን ቆጠረች እንጂ ማጠሩን አላየችም። አሁን ነጥባቸው ስልሳ ስምንት ነው። ሹመታቸው መነሣቱ ትንሽ ከንክኗቸዋል። ሊጠይቁ መጥተው የጋሽ ያፌትን ሞት ሲሰሙ እንደ ቅሬ ዳኛ ሆነው ፍርድ ሰጡ፤ የቅሬው መዝገብ ላይ እስካልሰፈረ ድረስ ሞት የለም፣ እኛ ያላነሣነው ሬሳ ሬሳ አይደለም። ከዚያ ሁለቱ ወዳጆች ከልማድ የተነሣ ደህንነታቸውን ሊነጋገሩ ወደ አጥሩ ወጡ።

ሞት የራሱ ችግር አለው። የጋሽ ያፌት ጡረታ ወደ መበለታቸው ስለዞረ የልባቸውን መድኃኒት መግዣ ከሚስታቸው መለመን ግድ ሆነባቸው፤ እትዬ ሃሴትም ሳይመረምሩ አይሰጡም። በሌላ በኩል ከሦስት ዓመት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ማንም ቀለበት ጭመቅ የሚላቸው የለም። ሲፈልጉ ይፈጥናሉ፣ ሲፈልጉ ይወላከፋሉ፣ አንዳንዴም ሳሎን መሐል ቆመው ጮክ ብለው "ደህና ነኝ" ይላሉ።

አማት ከመዝገቧ ከተሰረዙ ወዲህ አታውቃቸውም። ግንቦት መጀመሪያ ላይ፣ ፀሐይ ጦሳ ጀርባ ስትገባ፣ ዘሃራ እትዬ ሃሴትን አልጋቸው ላይ አመቻችታ ነጠላዋን ስትለብስ፣ ከግድግዳው ላይ ያ ትሑት ድምፅ መጣ። ቤት ውስጥ ያልተመዘገበ አንድ እንግዳ ሰው ይታያል አለች። እንግዳው ያድራል ወይ ብላ የቤቱን እመቤት ጠየቀች።

እትዬ ሃሴት ትራሳቸው ላይ ቀና አሉ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ካልሲያቸውን የሚያወልቁትን ሽማግሌ ከእግር እስከ ራስ አዩአቸው። ጋሽ ያፌት አንድ ካልሲ በእጃቸው እንደያዙ መልሱን ይጠብቁ ነበር።

"ለዛሬ ይደር" አሉ እትዬ ሃሴት።